ሦስት ዙር ቋጠሮ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ሱቅ። ሦስት ዚፕ፣ ሁለት ሱሪ ማሳጠር፣ አንድ ሽንሽን ቀሚስ። የሽንሽኑ ባለቤት ራሷ ወፍራ "ጨርቁ ጠበበ" ትለኛለች። ጨርቁ ምን በላና ነው እመቤቴ? አልኳት በሆዴ። በአፌ ግን "እናሰፋዋለን" አልኩ።

ከሰዓት የወንድሜ ሚስት ልጆቿን አስከትላ መጣች። ትንሿ ወለሉ ላይ የወደቀ ቁርጥራጭ ለቃቅማ፣ በክር ጠቅልላ "አሻንጉሊት ሠራሁ" አለች። እናት ሆዬ አጨበጨበች። "ጎበዝ! ጎበዝ!" አሻንጉሊት? የጫማ መወልወያ እንኳን አይሆንም! ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ወይዘሮ ጎበዝ ነው። ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር ጎበዝ… እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ምን ሊውጠው ነው?

እኔ ልጄን በጎበዝ አላሳደግኩም። ያበላሸችውን እያስተካከልኩ ነው ያሳደግኳት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል ዝም ብሎ ነው እንዴ?

ልጄ ጥግ ይዛ ሸሚዟን ትሰፋለች። የሙያ ትምህርት ቤቱ ከአንገት እስከ ጠርዝ ራሷ የሰፋችውን አንድ ልብስ ይዘሽ ነይ ብሏታል። ከወደዱት ትገባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬዋ ይኸው ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ኮሌታውን ገጠመችው። ግራው ከቀኙ በጥፍር ያህል ይረዝማል። ጥርሴን ነክሼ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

"ጨረስኩ። እንዴት ነው እማ?"

"ደህና ነው።"

ደህና! አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ያደገችው ማሽን ሥር ነው፣ ኮሌታዋ እንደ ውሻ ጆሮ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። ይህን ይዛ ልትቀርብ? የማን ልጅ ናት ሲሉስ?

አባቷ ፊቴን አየና "ተይ፣ እጅሽን ሰብስቢ" አለኝ። አውቶቡስ ነጂ ነው። ስለ ልብስ የሚያውቀው ቁልፍ መበጠስ ብቻ።

"ልጅ ያቦካው…" ብዬ ስጀምር፣

"እንዲያቦካ ካልተተወ መቼ ይለምዳል?" አለኝ።

ተረት አዋቂ ሆነልኛ!

የካቲት 9፣ እሑድ

ጓደኛዋ ጋ ሄደች። ምላጭ አንስቼ ኮሌታውን ተረተርኩት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። አስተካክዬ መልሼ ገጥሜ፣ የውስጡን በእጄ ዘምዝሜ፣ ተኩሼ፣ እንደነበረ አጥፌ አስቀመጥኩት። አሁን ልብስ መሰለ። ምስጋና አልፈልግም። ባታውቅም ይሻላል።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ከፈተናው መጣች። ሸሚዙን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ በወደድኩ።

ነገሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። መምህርቷ ኮሌታውን ገልብጣ አይታ "በጣም ንጹሕ ነው፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው?" አለቻት። ልጄ ገና አዎ ልትል አፏን ስትከፍት ቋጠሮው ላይ ዓይኗ አረፈ። እኔ ክር ስጨርስ ሦስት ዙር ቋጥሬ ጫፉን እጥፋቱ ውስጥ እደብቃለሁ። እሷ ሁለት ዙር ነው፣ ጫፉን ታንጠለጥለዋለች፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።

"የእናቴ ነው አልኳት።"

"ምን ነካሽ! ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

መምህርቷ አሥራ አምስት ቀን ሰጥታታለች። በራሷ እጅ የሰፋችውን ካላመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ጠዋት አልጋዋን አንጥፋ ወጣች። አንሶላው ጥግ ላይ ተጨማድዷል። ገብቼ እያስተካከልኩ ሳለ፣ ለካ ቦርሳዋን ረስታ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች።

"ይኸው" አለች። "ይኸው እማ። ሹሩባዬን ትፈቺዋለሽ፣ ደብተሬን ትገለብጪዋለሽ፣ ያጠብኩትን ሳህን ደግመሽ ታጥቢዋለሽ። በዚህ ቤት እኔ የሠራሁት አንድ ነገር አለ?"

"አንድ ነገር?… ብዙ አለ እንጂ" አልኩ።

"አንድ ጥሪልኝ።"

አንሶላውን እንደተጨማደደ ትቼ ወጣሁ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጨርቋን ይዛ ወንድሜ ቤት ሄደች። አዲሱን እዚያ ልትሰፋ! ወይዘሮ ጎበዝ ዘንድ! ማሽናቸው እንኳን ክር ይበጥሳል። ሴትዮዋ መርፌ በየት በኩል እንደሚወጋ አታውቅም። ጎበዝ፣ ጎበዝ እያለች ጆንያ አሰፍታ ትመልስልኛለች።

ትሂድ! ያበጠው ይፈንዳ።

የካቲት 16፣ እሑድ

አልጋዋ እንደተጨማደደ ነው። አልነካሁትም። ሁለቴ ሄጄ ግን አየሁት።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሹራቧን ላድርስ ብዬ ሄድኩ። ሹራብ አልቸገራትም፣ ራሴን ልዋሽ?

በሩ ገርበብ ብሏል። ልጄ ማሽኑ ላይ፣ የወንድሜ ሚስት አጠገቧ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ጠማማ ነው አይደል?" አለቻት ልጄ።

አሁን ጎበዝ ትላታለች ብዬ ለመሳቅ ተዘጋጅቻለሁ።

"እኔ ስፌት አላውቅም። አንቺ ምን ይመስልሻል?" አለች ሴትዮዋ፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል።

ልጄ ኮሌታውን ወደ መስኮቱ አዙራ መረመረችው። ከዚያ ምላጭ አነሳች። ራሷ ተረተረችው። እንደገና ለካች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ኖሯል።

"እትዬ! ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል?"

ቸኩያለሁ አልኩ። ምን ያስቸኩለኛል? ሹራቡን ሰጥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ እንደ እብድ፣ ሰው እያየኝ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ተቀበሏት! ስልክ የደወለችው ለአባቷ ነው። ይገባኛል።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ተመለሰች። ሸሚዙን አሳየችኝ። አሁንም ግራው በትንሹ ይረዝማል። ምላሴን ነከስኩ፣ እውነቴን ነው፣ አመመኝ።

"አንቺ ምን ይመስልሻል?" አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

በጥርጣሬ አየችኝ። "እጅጌው ይሻላል። ኮሌታው ይቀረዋል" አለች።

ትክክል ናት።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

የሱቅ ጋዋኔ የመቀስ ኪሱ ተቀዷል። ስፊልኝ አልኳት። ሰፋችው። ወደ ቀኝ አጋድሏል፣ መቀሱ ተንጋዶ ይቆማል። ለበስኩት።

ማታ ከምስማሩ አወረደችው፣ ኪሱን ገለበጠች፣ ቋጠሮውን ፈለገች። ሁለት ዙር፣ ጫፉ ተንጠልጥሏል። መልሳ ሰቀለችው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

በየቀኑ ታየዋለች። ከትምህርት ቤት ገብታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። ሌባ አድርጋኛለች። ደግሞስ አይደለሁም እንዴ? ዛሬ ምላጩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ኪሱም እጄ ሥር። እጄን በላኝ። ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ይህም ሰው ተብዬ!

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ባለሽንሽኗ መጣች። እንደገና ወፍራለች። ቀሚሷን ስለካ ኪሴን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

"ልብስ ሰፊ ሆነሽ ይህን ጠማማ ትለብሻለሽ? አውልቂውና አስተካክዪው እንጂ!"

"ልጄ ናት የሰፋችው። የሚነካው የለም" አልኳት። "አንቺ ይልቅ ሆድሽን ሳቢ፣ ልለካበት።"

ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ ናት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ። አለፈችን፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች።

ማታ ሱቅ ስንዘጋ ጋዋኑን ተቀበለችኝ። ኪሱን ሳትገለብጥ ሰቀለችው።