በባሮ ድልድይ ላይ የገደፍሁት ጾም

ሰኞ፣ ነሐሴ ፮ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

የስኳር ሕሙማን ማለዳ በኅብረት በእግር ከመጓዛችን በፊት ቁርሳችን ምን እንደ ነበረ እንጠየቃለን፤ ያልበላ አይሄድም። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ምንም አልቀመስሁም፤ የኢንሱሊን መርፌዬን ግን ተወግቻለሁ። ነርሷ ሲስተር ጽጌ ስትጠይቀኝ «ገንፎ» አልኋት።

ባሮ ድልድይ መካከል ስንደርስ ላብ አጠመቀኝ፤ ዓይኔም ጨለመብኝ። የመንገድ ጓደኛዬ ኦኬሎ ደግፎ አስቀመጠኝና ከረሜላ በአፌ ጨመረ። ልተፋው ስል «አባባ፣ ዋጠው! ከረሜላ እኮ ሥጋ አይደለም» ብሎ ሳቀ። እርሱ ጴንጤ ነው፤ በጾማችን መቀለድ ልማዱ ነው። ዋጥሁት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኔ በራ።

«ገንፎው የት ሄደ፣ መሪጌታ?» አለች ከኋላችን የደረሰችው ሲስተር ጽጌ።

ኦኬሎ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ ሲስተር። በጣም አስሮጥኩት።»

እርሷም በሰው ፊት ክፉኛ ተቆጣችው። እኔ ዝም አልሁ።

ስለ ከረሜላው ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፤ ሕመሜን ያውቃሉና አይጨክኑብኝም። ስለ ገንፎው ግን አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ የሚገባኝ ኦኬሎን ነው። ቤቱ ሩቅ አይደለም። ይኸው መሽቷል፤ እስካሁን አልሄድሁም።