የኩታበሩ መኪና የአባባ አይደለም

ውድ ወንድሜ ሁዜይፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መካነ ሰላምም ደህና ናት፤ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ መንገዱን ጭቃ በጭቃ አደረገው እንጂ። ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ላለመጀመር ነው፤ መቼም ታውቀኛለህ። በስልክ ልነግርህ ሦስት ቀን ሞከርኩ። «እታለም» ስትለኝ ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፎቶ አንስቶ መላኩን ስለማልችልበት የጎረቤታችን ልጅ አሚራ ትልክልሃለች። ስትልክ ታነበዋለች፤ ታንብበው።

ሁዜ፣ ብሩን እንዳትልክ። የኩታበሩ ላንድሮቨር የአባባ አይደለም። «እሱ ነው» ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ዋሽቼህ ነው።

ያን ዕለት ደውለህ «እታለም፣ የአባባ መኪና ተገኘ! አረንጓዴው! ለኩታበር ሰው ሸጥኩት ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ኩታበር ለሽያጭ ወጥቷል!» ስትለኝ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ድምፁን ሰምተህ አንተ በደስታ መሰለህ። ከዚያ እንደ አስተማሪ ታስረዳኝ ጀመር። «ቀለም አይተሽ እንዳትታለይ፤ ቀለም ማንም ይቀባል። እቤት የቀረውን የአባባን ሊብሬ ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። ሻንሲው ላይ፣ ከሥር ያለው ዋናው ብረት ላይ፣ የተመታውን ቁጥር ፈልጊ። ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጊውና በጣትሽ ዳሺው፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከሆነ ብረቱ ይሻክርሻል። የሞተሩንም ቁጥር አመሳክሪ።» ሃያ ዓመት የሰው መኪና ስትጠግን የኖርክ ሰው ነህና ታውቅበታለህ። እኔን ያቃጠለኝ የመጨረሻው ነው፤ «ካንቺ በቀር የማምነው የለኝም» አልከኝ።

ሄድኩ። ደሴ አድሬ በማግስቱ ኩታበር ገባሁ። ባለመኪናው ታደለ ይባላል፤ ከአንተ የሚያንስ፣ ቀልደኛ ሰው ነው።

«እትዬ፣ መካኒክ ይዘው ይመጣሉ ስል ብቻዎን መጡ?»

«እኔው አየዋለሁ።»

«ሰው አሮጌ መኪና ሲገዛ ሥሩ ገብቶ ይተኛል። እርስዎ እንደ ሚዜ አጠገቡ ቆመው ቀሩ እኮ!»

ጨርቁንም ናፍጣውንም ራሱ አመጣልኝ። ሻርፔን ጠምጥሜ ጎንበስ አልኩ። ቁጥሩ ወለል ብሎ ታየ፤ ያልተፋቀ፣ ያልተነካ፣ ንጹሕ ቁጥር። የአባባ ግን አይደለም። ገና ከሁለተኛው አኃዝ ይለያል። እንደሚለይማ ከመካነ ሰላም ሳልነሳ አውቅ ነበር።

እዚያው ቆሜ ደወልኩልህ። «እሱ ነው፣ ቁጥሩም አንድ ነው» አልኩህ። አለቀስክ። እንደ ሕፃን አለቀስክ። «አላህ ያክብርሽ እታለም፣ አባባን ያገኘሁት ያህል ነው» አልከኝ። እኔም አሚን አልኩ።

ስልኩን ስዘጋ ታደለ አፍጥጦ ያየኛል።

«እትዬ፣ መኪናው የማን ነው ያሉት?»

«የአባታችን።»

«ይህንን መኪና ከጨረታ የገዛው የኔ አባት ነው። ከገዛው ጀምሮ ከኛ ግቢ ሌላ ቤት አድሮ አያውቅም። እስኪ ሊብሬውን ያሳዩኝ።»

አሳየሁት። የራሱን ሊብሬ አውጥቶ ሁለቱን ወረቀት አስተያየ።

«አንተን ምን ቸገረህ? ብርህን ታገኛለህ፣ ወንድሜም ደስ ይለዋል» አልኩት።

«በማርያም እትዬ፣ እኔ የምሸጠው መኪና ነው። አባት አልሸጥም።»

ተወልጄ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሊብሬውን ሲመልስልኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ሰው ሞቶብሽ ነው እህቴ?» አለችኝ።

እውነቱ ይኸውልህ። መኪናውን ለኩታበር ሰው አልሸጥኩትም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አሮጌ ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች በሰፈሩ ሲያልፉ እኔ ራሴ ጠራኋቸው። ግቢያችን ውስጥ ቆራርጠው በአይሱዙ ጭነውት ሄዱ። ከዚሁ ከወሎ ቦረና ገጠር ምጥ የያዛትን ሁሉ ደሴ ያደረሰውን መኪና! ያደረግኩት ለእማማ መድኃኒት ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ጽፌም ቀደድኩት። ለመድኃኒት አልነበረም። ቸግሮኝም አልነበረም።

አባባን ሁለት ዓመት ሙሉ ያገላበጥኩት፣ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሊሞት ሲል ዓይኑን ገለጠና «መኪናዬ የሁዜይፋ ነው» አለ። ለኔ «ፈርሂያ፣ ውሃ» ነው ያለኝ፤ ሌላ የለም። አንተ አንድ ቀን እንኳ ሳትመጣ መኪናው ያንተ ሆነ፤ እኔ በየሳምንቱ አቧራውን የምጠርግለት ሆንኩ። ቅናት ነው ሁዜ። ሌላ ስም ባወጣለት ራሴን ነው የማታልለው። ሲቆረጥ በርጩማ አውጥቼ ተቀምጬ አየሁ። አላለቀስኩም። ልቅሶው የመጣብኝ በኋላ ነው፤ የቆመበት ቦታ ሣር ሲያበቅል።

ታደለ መኪናውን እስከ ወሩ መጨረሻ ለሌላ ሰው አይሰጥብህም። «ወንድምዎ እውነቱን ሰምቶ ከፈለገው ይደውልልኝ» ብሏል። ጥሩ መኪና ነው፤ ቁጥሩን በጣቴ ዳስሼዋለሁ፣ አይሻክርም። ግን የታደለ አባት መኪና ነው። እንደዚያ ሆኖ ትፈልገው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ሌላም አለ። ብረት ቆራጮቹ የሾፌሩን በር ረስተውት ሄደው ነበር። የዶሮ ቤቴ በር አድርጌዋለሁ። በኢሞ ስንነጋገር «ጓሮውን አሳይኝ» ባልከኝ ቁጥር «ኧረ ጭቃ ነው» የምልህ ለዚህ ነው። አረንጓዴው ቀለም ዛሬም አለ፤ አባባ ክንዱን ያስደግፍበት የነበረው ቦታ ላይ ብቻ ተልጧል።

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ለማለት ገና ድፍረቱ የለኝም። ከደወልክልኝ ግን መጀመሪያ ስልኩን ወደዚያ በር አዞረዋለሁ። አይተኸው ስታበቃ የምትለኝን ትለኛለህ፤ አልዘጋብህም።

የበደለችህ እህትህ፣
ፈርሂያ
መካነ ሰላም