በሰንበቴው ቤት ደጅ ላይ ያኖርሁት እሾህ

ማክሰኞ

የበቅሎዬ ጋጣ ዛሬ ጣራ አልባ ሆነ። ወጋግራውን ነቅዬ ለሰንበቴው ቤት ሰጠሁ። በቅሎዋ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ ቀጥላ እኔን። «አብረን እንበሰብሳለን» አልኋት። ቤቴን የጣሊያን ባንዳ ከሰፈረበት ወዲህ የማድረው ከሷ ጋር ነው።

ሌላውም የአጥቢያ ሰው ከየቤቱ እንጨት ነቅሎ አምጥቷል። ጫካ ገብቶ መቁረጥ ቀርቷል፤ መጥረቢያ ይዞ የተገኘ ሽፍታ ነው ይሉታል።

ለስሙ ሰንበቴ የምንቀምስበት ነው። ዋናው ግን መንደራቸው ተቃጥሎ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዛፍ ሥር የሚያድሩት ሰዎች ናቸው። የእህቴ ልጅ የሺ ከነሱ ጋር ናት። ባሏ ዱር ገብቷል፤ የዱር ሰው ሚስት ያስጠጋ ቤቱ ይቃጠላል ተብሏል። በብዙ ሰው መካከል ግን ማን ይለያታል? ወሯ ገብቷል። ቅጽር ውስጥ አይወለድም፤ የደብሩ አለቃ ቤቱን ከቅጽሩ ውጭ ያሠሩት ለዚህ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መከደን አለበት።

ሐሙስ

ከደንነው። ሸጋ ደቦ ነበር። ጉልላቱን ስሰካ የሺ ከታች ሆና፣

«አያ፣ ቀስ ይበሉ፣ ቢወድቁ የሚያነሳዎ የለም» አለችኝ።

«አንቺ ላይ ነው የምወድቅ፣ ትራስ ይዘሽልኛል።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። መንደሯ ከተቃጠለ ወዲህ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማኪና መጣ። የጣሊያኑ ሶላቶ ሹም ቤቱን ዞሮ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ «ለጥይት ማስቀመጫ ወደውታል፣ ነገ ይረከባሉ» አለን። የጎንደር ልጅ ነው። አለቃ ጣታቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ ይፍቁ ነበር።

ዓርብ

አንድ ተንኮል ታየኝ። በእኛ አገር ተስቦ የገባበት ቤት ደጁ ላይ እሾህ ይደረጋል፤ ያየ ሁሉ ይርቃል። በጠዋት የአጋም እሾህ ቆርጬ በሩ ላይ ከመርሁ። የሺን ከውስጥ አስተኝቼ «አቃስቺ» አልኋት።

«ማቃሰት ደግሞ አላውቅበትም፣ ያስተምሩኝ እንጂ።»

አስተማርኋት። አለቃ አይተው ዞር አሉ።

ባንዳዎቹ እሾሁን ገና ሲያዩ ወደ ኋላ አሉ። አስተርጓሚው ለሹሙ ነገረው፤ ሹሙ ተመልሶ ማኪናው ውስጥ ገባ። ሄዱ። ሰዉ ትከሻዬን እየመታ ሳቀ። እኔም እንደ ደጃዝማች ተንጎራደድሁ።

ቅዳሜ

አቃጠሉት። ቤንዚን ይዘው ነው የመጡት። እነሱ አገር ተስቦ የሚጠፋው እንዲህ ነው አሉ። አስተርጓሚው ቀድሞ ሮጦ «ሰው ካለ አውጡ» አለ። የሺን በእሾሁ መካከል ጎትተን አወጣናት። ክንዷ ተተለተለ።

የሁሉም ቤት እንጨት እዚያ ውስጥ ነበር። ጥይት ቢያስቀምጡበት እንኳ ቤቱ ይቆም ነበር፤ አንድ ቀን ይሄዱ ይሆናል። አሁን አመድ ነው።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሽ ዘነበ። ምነው ጠዋት ቢሆን?

እሁድ

የሰንበቴው ተራ የኔ ነበር። ዳቦና ጠላ ይዤ ሄድሁ። አመዱ ዳር ተቀመጥን። ሰው ዳቦውን ከእጄ ሲቀበል ፊቴን አያይም። የምቀልደው አጣሁ፤ ለኔ እንዲህ ያለ ነገር አዲስ ነው።

የሺ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ አጠገቤ ተቀምጣለች። ድንገት፣

«አያ፣ ተስቦው ለቀቀዎ?» አለች።

የሳቀ የለም። አለቃ ብቻ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ወዲያው ወገቧን ያዘች።

ወደ ቅጽሩ ልትመለስ አትችልም። ወዴት? «ጋጣዬ ግድግዳ አለው» አልሁ። በቅሎዋን አወጣኋት፤ ሴቶቹ የሺን አስገቧት። ቤቴ ባንዳ የሰፈረበት ነው፣ ጋጣውም ከሱ ብዙ አይርቅም። ቢሰሙን ጉዳችን ነው። እንዲያም ሆኖ ወንዶቹ አንድ በአንድ ቁርበት እየያዙ መጡ። ግድግዳው ላይ ወጥተው ቁርበቱን በእጃቸው ወጥረው ጣራ ሆነዋል። አለቃም አሉበት።

እኔ ክንዴ ዝሎ ወርጄ ነው ይህን የምጽፍ። ዝናቡ ከኮሶዬ ተራራ በኩል ደርሷል። የሺ ውስጥ ታቃስታለች። ዛሬ ያስተማራት የለም።

ልነሳ፣ ተራዬ ነው።