ሩቂያ ቀደመችኝ

ልጄ ቶኩማ፣ እመብርሃን ከክፉ ትሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ የጌዶዋ አክስትህ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እኔ ግን ቅናት ይዞኛል።

አንተንና የጎረቤታችንን የሩቂያን ልጅ ጠቁሞ ያሳሰራችሁ ጅሩ፣ በኢድ ዕለት ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እኔ በሬን ዘጋሁበት። ሩቂያ ግን «ለአላህ ብዬ ትቼልሃለሁ» ብላ አስገባችው። ሁዳዴ ነውና ለብቻው ሽሮ ሠርታ አበላችው። የእኛን ጾም እንኳ እሷ አከበረችለት! አሁን «ሀርሜ» ይላታል፤ እናቴ ማለቱ ነው። «በደላችንን ይቅር በለን» እያልኩ ጠዋት ማታ የምጸልየው እኔ አይደለሁም እንዴ?

የንስሐ አባቴም ቂም ይዘሽ አትቆርቢም አሉኝ። የተገረፍከው አንተ ነህና ሳልጠይቅህ አልምረውም።

ተፈትተህ በሄድክበት ሰው አይንሳህ፣ የኔ ጌታ። እባክህ ከፋሲካ በፊት ደውልና «እማ፣ ማሪው» በለኝ። ገነትን ለሩቂያ ብቻ አልተውላትም።

እናትህ ወለተ ማርያም