አባባ የባቡሩን ግጭት ሊያይ መጣ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 4፣ 1977

ካሜራዎቹን ስወለውል ዋልኩ። የበረሃው አሸዋ የማይገባበት የለም... ሌንስ ውስጥ፣ ጫማ ውስጥ፣ ምሳዬ ውስጥ። ባቄላዬን እያንቋቋሁ በላሁ።

ትልቁ ሙከራ ደረሰ። የኑክሌር ዝቃጭ የሚጓጓዝበትን ኮንቴይነር፣ ባዶውን፣ ተሳቢ ላይ ጭነን ሐዲድ ላይ እናቆመዋለን። ከዚያ አሮጌ የባቡር ራስ በሮኬት ተገፍቶ መጥቶ ይወጋዋል። የእኔ ሥራ መቅረጽ ነው። ለዚህ ደመወዝ ይከፈለኛል። በነፃም እመጣ ነበር... ለአለቃዬ ለሃልቨርሰን አይነገርም እንጂ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 10

ፋሲካ። ከምኖርበት ከተማ ከአልበከርኪ ወደ አባባ መንደር። በጉ ጣፋጭ ነበር፤ ወሬው ግን...

ለዝቃጩ መኪናዎች ከታሰቡት መንገዶች አንዱ በአባባ ደጅ ያልፋል። አባባ ደግሞ የመስኖው ቦይ አለቃ ነው። እሱ እምቢ ካለ መንደሩም እምቢ ነው። በወሩ መጨረሻ ስለ መንገዱ የመንደሩ ስብሰባ አለ።

"መኪናው ተገልብጦ ቦዩ ውስጥ ቢገባስ?" አለኝ።

"ኮንቴይነሩ አይከፈትም፣ አባባ።"

"ማን አለሽ?"

"ሒሳቡ።"

"ሒሳቡ በዚያ ውሃ ያደገውን ቃሪያዬን ይበላል?"

ጎረቤታችን ዶኛ ኢግናሲያ በጨርቅ አፏን ይዛ ሳቀች። ደሜ ፈላ። "እንግዲያው መጥተህ በዓይንህ እይ" አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ማን ፈቀደልኝ?

"እመጣለሁ። ከተሰነጠቀ ለመንደሩ እናገራለሁ። ካልተሰነጠቀም እናገራለሁ።"

አባባ ካለ አለ ነው...

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 12

አባባ እንዲገባ ሃልቨርሰንን ለመንኩት። "ቢሰነጠቅስ?" አለኝ።

"ያኔማ ከማንም በፊት ማወቅ ያለባቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው።"

ራሱን አከከ። ፈቀደ።

ሒሳቡን አምናለሁ። ታዲያ ማታ ደግሜ ደጋግሜ ያየሁት ለምንድን ነው?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 14

ነፋስ። ሙከራው ለነገ ተላለፈ። አባባ የእሑድ ባርኔጣውን አድርጎ መጥቶ ነበር። ሲጠብቁ ከሃልቨርሰን ጋር ስለ ቲማቲም ሲያወሩ ዋሉ። ሃልቨርሰን ቲማቲም ይተክላል? ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ሠርተን አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 15

ሆነ።

ከምሽጉ ኋላ ቆምን። መጀመሪያ ነበልባሉ፣ ድምፁ ቆይቶ። የባቡሩ ራስ እያጓራ መጣ። ተሳቢው እንደ ደረቅ የቶርቲያ ቂጣ ተሰባበረ። ኮንቴይነሩ አየር ላይ ተሽከረከረ፣ ወደቀ፣ አቧራ ዋጠው። አባባ ለካ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል።

አቧራው ሲገለጥ የባቡሩ ፊት የለም። ኮንቴይነሩ ጎኑ ተጭሮ ጋደም ብሏል።

"ልጄ... የሞተው ባቡሩ ነው" አለ አባባ።

እኔ በዚህ ልረካ ነበር። እሱ ግን ወደ ሃልቨርሰን ዞረ። "ላዩን አየሁ። ውስጡስ?"

"አብረን እናየዋለን፣ ዶን ኤሊሴዮ" አለው፤ አባባን በክብር ስሙ ጠርቶ።

ባለሙያዎቹ አየር በግፊት ሞልተው ሲፈትኑት አጠገባቸው ቆሞ ጠበቀ። የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። አላፈሰሰም። ሃልቨርሰን አቧራው ላይ ሲዘል አየሁ፤ ያ ኮስታራ ሰውዬ። አባባ ወደ ኮንቴይነሩ ተጠግቶ፣ ጥሩ በቅሎ እንደሚያመሰግን ሰው፣ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 30

ስብሰባው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። ፊልሜን ግድግዳው ላይ አሳየሁ፣ በዝግታ። ጨርሼ መብራት ላበራ ስል ዶኛ ኢግናሲያ፣ "እስቲ ወደ ኋላ አስኪጂው" አለች።

አስኬድኩት። ስብርባሪው ተሰባስቦ ተሳቢ ሆነ፤ ባቡሩ አፍንጫው ተቃንቶ ወደ ኋላው ፈረጠጠ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ደግሚው፣ ደግሚው...

ከዚያ አባባ ተነሳ። "ቆሜ አይቻለሁ። ዝቃጩን ዛሬም አልወደውም። የት እንደሚቀብሩት ሳይነግሩን እሺ አልልም። ስለ በርሜሉ ግን ልጄ ያለችው እውነት ነው። ሥራዋን ታውቃለች።"

ሥራዋን ታውቃለች... ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው "ፎቶ ታነሳለች" ብሎ ነበር የሚያልፈው።

የመንገዱ ነገር አልተቆረጠም። ዝቃጩ የት ተቀብሮ እንደሚቀር መልስ ያለው ባለሥልጣን ሲመጣ እንደገና ይሰበሰባሉ። ይሁን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ስንወጣ አባባ የፒክ አፑን ቁልፍ ወረወረልኝ። ያቺን መኪና ከእሱ በቀር ማንም ነድቷት አያውቅም፤ እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማር፣ ለምና ለምና ሞተች። ቁልፉን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። እሱ በወዲያኛው በር ገባና ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂ እንጂ" አለኝ። "ቀስ ብለሽ ታዲያ። አንቺ እንደሆን ማላተም ሥራሽ ነው።"