ለጓድ ፈንታሁን፣ ስለ እርጎና ስለ ፊታችን ቆዳ

ይድረስ ለተከበሩ የማኅበር አደራጃችን ጓድ ፈንታሁን
አምባሰል፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ጤናዎ እንደ ፊትዎ የለሰለሰ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ ይሁን እያልኩ፣ እኔ ራህማ ኑርዬ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎት። ቡልጋሪያ ተምረው እንደተመለሱ ሰብስበውን፣ እርጎ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነፍሳት እንዳሉ፣ እነሱም ሆድን አስማምተው የፊት ቆዳ ቶሎ እንዳይጨማደድ እንደሚረዱ፣ በዚያ አገር እርጎ የሚጠጡ አሮጊቶች ጉንጫቸው የልጃገረድ እንደሚመስል ነገሩን። ሌሎቹ ሴቶች ሳቁ፤ እኔ ግን አመንኩዎት። ባለቤቴ ሐሰን ከውጫሌ ገበያ ታፍሶ ለውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ፊቴ በሐሳብ መጨማደድ ጀምሮ ነበርና፣ ሲመለስ እንዳልጠፋው ፈርቼ ነበር። ስለዚህ የላሜን ወተት እያረጋሁ በየማለዳው ጠጣሁ። ጎረቤቴ ተሾመችም «አንቺ፣ ወዝሽ ተመለሰ እኮ!» አለችኝ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ትምህርቱ በሚገባ እንደገባኝ ስላረጋገጡ ይመስለኛል፣ ላሜን ለማኅበሩ የወተት ክፍል ወሰዱልኝ። ገመዱን አልለቅም ብዬ ስጎተት ታጣቂዎ «እናቴ፣ ልቀቂ» አለኝ። እኩያዬ ነበር።

ሁለተኛ፣ እርጎው ለሕፃናት ይታደላል ብለውን ነበር። ከእንግዳ ማረፊያው በቀር የደረሰበትን ቤት ስለማላውቅ፣ እዚያ የሚያርፉት ጢማም ጓዶች ሕፃናት መሆናቸውን ለመቀበል ተገድጃለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባለፈው ኅዳር አንድ ሽማግሌ ከሐይቅ ከተማ በእግሩ መጥቶ፣ ምርኩዙን ተደግፎ ደጄ ላይ ቆመ። «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «ራህማ፣ አንቺስ ብዙም አላረጀሽ» አለኝ። በድምፁ አወቅሁት። ሐሰን ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

ሆዱ ምግብ አልቀበል ብሎ «እርጎ ቢኖርሽ» ሲለኝ፣ ቅሌን ይዤ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። «እርጎ ለእንግዳ ነው» ብለው መለሱኝ። ሐሰን ከሩቅ የመጣ እንግዳ መሆኑን ሳልነግርዎት በመቅረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ ተሾመች ጾም ይዛ ራሷ የማትቀምሰውን የፍየሏን ወተት እያረጋች ስታመጣለት ሆዱ ተመልሷል። ቆዳው ግን እንዳለ ነው። ጦር ሜዳ ያስረጀውን ፊት የሚያድሱ ነፍሳት በቡልጋሪያ ከተገኙ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያበቃኝን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያመሰገንኩ፣ በወዝዎ የምትኮራ ተማሪዎ፣
ራህማ ኑርዬ

ግልባጭ፦ ለውጫሌ ገበያተኛ በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሚቀጥለው ትምህርትዎ ስለ ማር ጥቅም እንደሆነ ሰምተናል። መንደሩ ቀፎውን ሁሉ ደብቆ በጉጉት ይጠብቅዎታል።