ዓይን ታስሮ የቆመ ድንኳን

አንቺዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ሌላውን ትቼ ዛሬ ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ።

አናጢው የእህቴ ባል የሰፈሩን ስካውቶች ለአገር አቀፉ ካምፕ እያዘጋጀ ነው። ጠዋት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የስምንቱንም ዓይን በስካርፋቸው አሰረና «በሉ ድንኳኑን አቁሙ!» አላቸው።

«ምን በደሉህ?» አልኩት።

«ባለፈው ካምፕ ነፋስ በጨለማ ድንኳናችንን ጥሎት፣ መልሰን ማቆም አቅቶን ዝናብ ሲደበድበን አደረ» አለኝ።

መጀመሪያ ሁሉም ስለሚጮህ ማንም ማንንም አይሰማም። አንዱ ጭራሽ ሸራው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። ድንገት አንዲት ቀጭን ድምፅ «ዝም በሉ! ምሰሶ የያዘ አይነቃነቅ። ገመድ የያዛችሁ፣ ሦስት ስል እኩል ሳቡ!» አለች። ሳቡ፤ ድንኳኑ ቀጥ አለ!

ዓይናቸው ሲፈታ «ማናት ያዘዘችን?» ተባባሉ። ቡድኑ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ ልጅ መሬት መሬት እያየች እጇን አወጣች።

አላስችል ብሎኝ «እንዴት ደፈርሽ?» አልኳት።

«ማንም አያየኝማ!» አለችኝ።

እኔና አንቺ ተማሪ ሳለን የክፍላችን አለቃ ሁሌም ጯሂው ነበር፤ የኋላ ወንበሯን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናት እናውቃለን? እነዚህ ግን እዚያው መሪ አደረጓት። ተርበተበተችና «እሺ፣ ግን አትዩኝ» ብትላቸው ሰባቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትእዛዟን ጠበቁ።

እትዬን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። አንቺንም በጣም ናፍቄሻለሁ።